የአፈሙዝ ቆሻሻና ውልወላ፦ ጠመንጃ ኢላማውን የሚስተው ለምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ እንደ ልጅ ነው የሚያዘው። ከአያት የወረደ ምንሽር ወይም ውጅግራ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ቤት ብዙ ነው። ሰደፉ ያብረቀርቃል፣ ማንገቻው በቅባት ለስልሷል። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረው ከውስጥ ቢያዩት ግን ዝገት ነው። ኢላማን የሚወስነው ደግሞ ያ የማይታየው ውስጡ ነው።

የአፈሙዝ ውስጠኛ ግድግዳ ጥምዝ ቦዮች አሉት። አረሩ በቦዮቹ ተይዞ እየሾረ ይወጣል፤ አየር ላይ ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ የሚሄደውም በዚሁ ሽክርክሪት ነው። በተተኮሰ ቁጥር የባሩድ ጥላሸት ይቀራል፣ ከአረሩ ልባስ የተፋቀ መዳብ ይለጠፋል፣ ልባስ የሌለው አረር ከሆነ ደግሞ እርሳሱ ራሱ ይጣበቃል። ይሄ ሲደራረብ ቦዩ ይጠባል፣ ያውም እኩል አይጠብም፣ እና ጥይቶቹ መበታተን ይጀምራሉ። ስንት ከተተኮሰ በኋላ? ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። ውስጡ የለሰለሰ አፈሙዝ ቆሻሻ ቶሎ አይዝም፤ የተቦረቦረ ግን መዳቡን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ውጅግራ የባሰ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ባለ 11 ሚሊሜትር የፈረንሳይ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላዩ ጋዝ አይሆንም፣ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ዝቃጩም እርጥበት ይስባል።

ዋናው ነገር ግን ጨው ነው። ይሄን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ጥሩ ጠመንጃ ሲበላሽ ስላየሁ ነው። በብዙ የድሮ ጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ስትቃጠል የምትተወው ፖታሲየም ክሎራይድ የገበታ ጨው ዘመድ ነው፣ ከአየር ውሃ ይጠጣል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። የጎጃም ክረምት ደግሞ ይታወቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቤቱም ልብሱም እርጥብ ነው፣ በተለይ በጮቄ ዙሪያ ያለው ደጋ። ሰው ተኩሶ ሲመለስ ዘይት ቀብቶ ይሰቅለዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም! ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጎ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ስስ ዘይት። ክላሽ ከሆነ የጋዝ ቱቦውም አይረሳ፤ የአፈሙዙ ውስጥ ክሮም መለበጡ ይረዳዋል እንጂ ፈጽሞ አያድነውም።

ውልወላም ሊጎዳ ይችላል። የብረት ዘንግ ከአፈሙዝ ጫፍ ወደ ውስጥ እየገፉ ሲፈትጉት ጫፉ በአንድ ጎን ይበላል። አረሩ ሲወጣ ጋዙ በተበላው በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ያዘነብለዋል። ምንሽር መቀርቀሪያው ስለሚወልቅ ከኋላ፣ ጥይት ከሚጎርስበት በኩል መወልወል ይቻላል፤ እንደዚያ ነው መደረግ ያለበት። ክላሽ ግን ከፊት ነው የሚወለወለው። ለዚህም ነው የማጽጃ ዕቃው መያዣ ክዳን የተበሳው፤ አፈሙዙ ላይ ተደፍቶ ዘንጉን መሃል ላይ ይይዛል። ብዙ ሰው ክዳኑን ጥሎታል፣ ያሳዝናል። ለብሩሽ ከብረት ይልቅ ነሐስ ወይም ናይለን ይሻላል። የተለጠፈውን መዳብ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ያሟሟዋል፤ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መዳቡ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ተወልውሎ ዘይት የቀረበት አፈሙዝ የመጀመሪያዋን ጥይት ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ይልካታል። ከመተኮስ በፊት ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ማውጣት ያስፈልጋል፣ በእሷ አንድ ጥይት ብቻም ማነጣጠሪያውን መነካካት አይገባም። አንዳንድ አፈሙዝ እንዲያውም ሁለት ሦስት ጥይት ተኩሶ ጥቂት ጥላሸት ሲይዝ ነው የሚረጋው። በውድድር ተኳሾች መካከል በዚህ ላይ ክርክር አለ፤ አንዱ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ሁልጊዜ ያጸዳል፣ ሌላው ጥይቱ መበታተን እስኪጀምር አይነካውም። ሁለቱም የሚተኩሱት ዝገት በማያመጣ ዘመናዊ ጥይት ነው። በድሮ ጥይት የሚተኩስ ሰው ግን ለነገ ማሳደር የለበትም፣ ያንኑ ዕለት ማታ ይጠበው።