የፅንስ ዕድገት መገታት ምንድን ነው?

«ልጁ የተወለደው 2,300 ግራም ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ዕድገቱ በማህፀን ሳለ ተገትቷል» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አንብቤያለሁ። አስተያየት ሰጪው ክብደትንና ዕድገትን አንድ አድርገዋቸዋል። ከ2,500 ግራም በታች መወለድ ዝቅተኛ የልደት ክብደት ይባላል፤ ቁጥሩ ግን ሕፃኑ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይናገርም። በ34ኛው ሳምንት 2,300 ግራም ሆኖ የተወለደ ሕፃን ለዕድሜው ደህና አድጓል፤ የትንንሽ ወላጆች ልጅም ያለ አንዳች እክል ትንሽ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ 3,400 ግራም መድረስ የሚችል ፅንስ 2,700 ላይ ሲቀር ሚዛኑ ዝም ይላል፤ መገታት ማለት ግን ይኸው፣ ፅንሱ ሊደርስበት ይችል ከነበረው ሳይደርስ መቅረቱ ነው። የሚታወቀውም በተከታታይ አልትራሳውንድና የእትብቱን የደም ፍሰት በሚያሳይ የዶፕለር ምርመራ ነው፤ የእርግዝናው ዕድሜ ገና በጊዜ በትክክል ካልተሰላ ግን ልኬቱ ሁሉ ያሳስታል።

«እናትየው ስላልበላች ነው» የሚለው ፍርድም ያበሳጨኛል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እንግዴ ልጁ ላይ ነው፤ እናት የቱንም ያህል ብትመገብ እርሱ በቂ ምግብና ኦክስጅን ካላሳለፈ ለፅንሱ አይደርሰውም።

እንዲህ ሲሆን ፅንሱ ሲሚንቶ እንዳጠረው ግንበኛ ይሆናል፦ ሳሎኑን ለመጨረስ ሲል ከውኃ መስመሩ ይቆጥባል። ሳሎኑ አንጎል ነው፤ ደሙ ወደዚያ ያደላል፣ ኩላሊት፣ ቆሽትና ጡንቻ ግን ይጎድልባቸዋል። (አደላ ማለት አንጎሉ ከጉዳት ዳነ ማለት አይደለም።) የኩላሊት ማጣሪያዎች፣ ማለትም ኔፍሮኖች፣ ተሠርተው የሚያበቁት በ36ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ግንበኛው ተመልሶ ቧንቧ አይጨምርም፤ ጥቂቶቹ የብዙዎችን ሥራ ይሸከማሉ፣ የደም ግፊት ዕድልም ከፍ ይላል። ቤቱ ድንገት እንግዳ ሲሞላበት መስመሩ እንደሚጨናነቅ ሁሉ፣ ትንሽ ሆኖ ተወልዶ በኋላ ቶሎ የወፈረ ሰውም የጎደለበት ቆሽቱ ስኳሩን መቆጣጠር ስለሚከብደው ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል።

በማህፀን የደረሰ ጉድለት በአዋቂነት ለበሽታ ያጋልጣል የሚለውን ሐሳብ በስፋት ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው ሐኪምና ተመራማሪ ዴቪድ ባርከር ናቸው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝ ሃርትፎርድሺር አውራጃ ከተወለዱ ወንዶች መካከል በልደትና በአንድ ዓመታቸው ቀላል የነበሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እርሳቸውም ግን በእጃቸው የነበረው የሚዛን መዝገብ ነበር፤ ስለ እያንዳንዱ ሰው እንግዴ ልጅ ምንም አልያዘም።