የጅማ የድሮ ሲኒና ሳህን፦ አሰባሰብና አያያዝ

ጅማ ውስጥ የድሮ ሲኒና ሳህን ቡፌ ውስጥ ይኖራል። ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ የክብር እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቡና አገር ናት። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው የቡና ሲኒ ነው። ቡና መጀመሪያ የተገኘው ካፋ ነው የሚሉ አሉ። ጅማ ላይ ግን ማንንም ብትጠይቁ ጎማ ወረዳ ያለችውን ጮጬን ይነግራችኋል።

ስሙም ታሪክ አለው። «ሲኒ» የመጣው «የቻይና» የሚል ትርጉም ካለው የዓረብኛ ቃል ነው። ሲኒ የሚሠራበት ጠንካራ ነጭ ሸክላ፣ ፖርሴሊን፣ የቻይና ፈጠራ ነውና ስሙ ይገባዋል። አውሮፓውያን የአሠራሩን ምስጢር ደርሰውበት ጀርመን ውስጥ የማይሰን ፋብሪካ የተከፈተው ገና በ1710 እ.ኤ.አ. ነው።

በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932 እ.ኤ.አ.) የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበር። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ ጨርቅና የባሕር ማዶ ዕቃ ይገባል። የንጉሡን የግል ዕቃዎች ማየት የሚፈልግ ጅማ ሙዚየም ጎራ ይበል።

ብዙ ወሬ ያለው የጣሊያን ዘመን ነው። ጣሊያኖች ጅማን የያዙት በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን በ1941 ተባረሩ። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስሙ የመጣው ከእነሱ ነው። ሲወጡ የቤት ዕቃቸውን ሸጠው ወይም ጥለው ሄዱ ይባላል። አክስቴ ቤት አንድ ጎድጓዳ የሾርባ ሳህን አለ። ገልብጣ አሳየችኝ፤ ከሥሩ «ሪቻርድ ጂኖሪ» የሚል አረንጓዴ ማህተም አለበት። የወርቅ ቀለሙ ዙሪያውን እንዳለ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለቋል። ጂኖሪ በ1735 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ አጠገብ ዶቻ ላይ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። ከሚላኑ ሪቻርድ ፋብሪካ ጋር የተዋሃደው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ሁለቱም ስም ያለበት ሳህን ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። ማህተም ማንበብ ጥቅሙ ይኼ ነው። የጃፓን ዕቃም እንዲሁ ነው፦ «ኦኪዩፓይድ ጃፓን» የሚለው ጽሑፍ ጃፓን በአሜሪካ ጦር ሥር የነበረችበት ዘመን ምልክት ነው፤ ያ ዘመን ያበቃው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው።

በደርግ ጊዜ የውጭ ዕቃ እንደ ልብ ስለማይገኝ ቤት ያለው በጥንቃቄ ተያዘ።

መርካቶ ሄዶ አሮጌ ሲኒ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ወደ ብርሃን ያንሳው። ስስ ፖርሴሊን ከሆነ የጣት ጥላ በወዲያ በኩል ይታያል። ከዚያ በጥፍር ጠርዙን ቀስ ብሎ ይምታው። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው «ዱብ» ይላል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ይሰማዋል።

አጠባው ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ሳፋው ውስጥ ፎጣ ይነጠፋል፤ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አንድ በአንድ ይታጠባል። ሽቦና በረኪና አይነካውም፤ የወርቁን ቀለም ይዘውት ይሄዳሉ። የቡና እድፍ ከያዘ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሶ በጨርቅ ማሸት ነው። ወርቅ ያለበት ዕቃ ማይክሮዌቭ አይገባም። ቡፌ ውስጥ ቀዝቅዞ የዋለ ሲኒ ላይ ጀበናውን ከእሳት አውርዶ ወዲያው መቅዳትም አደጋ አለው። ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። እናቶቻችን ረከቦቱ ላይ ከመደርደራቸው በፊት ሲኒውን ለብ ባለ ውሃ የሚያለቀልቁት ለንጽሕና ብቻ አይመስለኝም።

ሳህን ሲደራረብ በየመሃሉ ጨርቅ ይግባ። ጋዜጣ ባይሆን ይሻላል፤ ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ወረቀት እርጥበት ይስብና ቀለሙን ይለቃል። ፖርሴሊኑ ቢጠረግ ይለቅለታል። ሽፋኑ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ የሸክላ ሳህን ግን ቀለሙን ይመጥጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይለቅም። የአንዳንድ አሮጌ ዕቃ ሽፋን እርሳስ ስላለበት ሎሚና ኮምጣጤ ያለበት ምግብ አይደርበት።

የተሸረፈ ሲኒ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ነውር ነው። አክስቴ ግን አትጥለውም። የተሸረፈውን በኩል ወደ ግድግዳው አዙራ ቡፌው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች።