መበለቷ አታሚ፦ በድሮ ማተሚያ ቤቶች ስለሠሩ ሴቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የድሮ መጽሐፍ ከፍተን የወንድ አታሚ ስም ስናይ፣ መጽሐፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወንዶች የሠሩት ይመስለናል። ስሙ የሚነግረን ግን የቤቱን ባለቤት ብቻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሴቶች ወደ ኅትመት ሥራ የገቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው»

በአራት መቶ ዓመት የዘገየ አባባል ነው። የአውሮፓ ኅትመት ፈር ቀዳጅ ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱሱን ካተመ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1476 ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ውስጥ በሳን ያኮፖ ዲ ሪፖሊ ገዳም ማተሚያ ቤት ተከፈተ። ሴት መነኮሳት ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ ለኅትመት ይደረድሩበት ነበር፤ የማተሚያ ቤቱ የሂሳብ መዝገብ ዛሬም አለ። የፕላቶ ሥራዎች የላቲን ትርጉም በ1,025 ቅጂ የታተመው እዚያ ነው።

በዚያው ዘመን በጣሊያኗ ከተማ ማንቱዋ ኤስቴሊና ኮናት የተባለች አይሁዳዊት አንድ የዕብራይስጥ መጽሐፍ አትማ መጨረሻው ላይ ስሟን አኖረች። ማተም ለሚባለው ሥራ ቃሉ ገና ስላልተለመደ «ጻፍሁ» ነው ያለችው። ሙያው ስም ሳይወጣለት እሷ ትሠራው ነበር ማለት ነው።

«መበለቶቹ ልጃቸው እስኪያድግ ስም ብቻ ያዋሱ ነበር»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው። በብዙ ከተሞች የሙያ ማኅበሩ ደንብ ባሏ የሞተባት ሴት ሱቁን ይዛ እንድትቀጥል ይፈቅድ ስለነበር፣ «የእገሌ መበለት» የሚል ጽሑፍ በመጻሕፍት ላይ ይበዛል። ጽሑፉ የሕግ መብቷን እንጂ የሥራዋን ልክ አያሳይም።

ፓሪስ ውስጥ ሻርሎት ጊያርን እንይ። የመጀመሪያ ባሏም ሁለተኛው ባሏም አታሚዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ሞቱባት። ከ1537 ጀምሮ እስከ ሞተችበት 1557 ድረስ፣ ሃያ ዓመት፣ «የወርቅ ፀሐይ» የሚባለውን ማተሚያ ቤት ብቻዋን መራችው። የምታትመውም የቤተ ክርስቲያን አባቶችን ድርሳናትና ትላልቅ የሕግ መጻሕፍት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ገንዘብና የተማረ አራሚ ይፈልጋል። ስም አዋሽ ይህን ሁሉ ሃያ ዓመት አይሸከምም።

ሌላ ምስክር ደግሞ አሜሪካዊው አታሚና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሉዊስ ቲሞቲ ከሚባል አታሚ ጋር ሽርክና ነበረው፤ ሰውየው ገንዘብ ቢልክም ሂሳብ አያውቅም ነበር። በ1738 ሲሞት ሚስቱ ኤልሳቤጥ ሥራውን ተረከበች። ያደገችው ሆላንድ ነው፤ ፍራንክሊን እንደጻፈው እዚያ ሴቶች ሂሳብ ይማሩ ነበር። በየሦስት ወሩ የተጣራ ሂሳብ ስትልክለት ቆይታ፣ በመጨረሻ ማተሚያ ቤቱን ከእሱ ገዝታ ለልጇ አቆመችለት።

«ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት በዚህ ሙያ ቦታ አልነበራትም»

ዳይና ነትሄድ በ1696 ሜሪላንድ ውስጥ፣ አናፖሊስ ላይ ለማተም ፈቃድ አግኝታለች። ሰነዱ ላይ የፈረመችው በምልክት ነው፤ ስሟን መጻፍ አትችልም ነበር።

«ሥራው ለሴት ጉልበት ከባድ ስለነበር ነው የቀሩት»

ወረቀቱን ቀለም በተቀባው ፊደል ላይ የሚጫነውን የእንጨት መጭመቂያ እጀታ መሳብ በእርግጥ ከባድ ነበር። ማተሚያ ቤት ግን መጭመቂያ ብቻ አይደለም። አንድ ትልቅ ሉህ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፤ ያንን አጥፎ በተራ ደርድሮ መስፋት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነበር። የእነዚህ ሴቶች ስም የትም ገጽ ላይ የለም።

ፊደል መልቀምም ቢሆን ከጉልበት ይልቅ ዓይንና ጣት የሚፈልግ ሥራ ነው። ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ውስጥ በ1872 ወንዶቹ ለቃሚዎች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ አሠሪዎች ሴቶችን አሠለጠኑ፤ ከወንዶቹ ያነሰ እየከፈሉ አሠሯቸው። የወንዶቹ ማኅበር ደመወዛችን በዚህ ወረደ ብሎ ተከራከረና፣ በ1910 አዲስ ሴት ተለማማጅ ለስድስት ዓመት እንዳይገባ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ቅሬታው ከአሠሪው ጋር ነበር፤ በሩ የተዘጋው በሴቶቹ ላይ ሆነ።

«ሴቶች የሚያትሙት ጸሎት መጽሐፍና ቀላል ነገር ነበር»

የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ የፈራሚዎቹን ስም ይዞ በይፋ የታተመው በጥር 1777 ባልቲሞር ላይ ነው። እንግሊዞች ቢያሸንፉ ፈራሚዎቹ በክህደት ይከሰሱ ነበር። አታሚዋ ሜሪ ካትሪን ጎዳርድ ነበረች፤ ከስሞቹ ግርጌ የራሷን ስም ሳታሳጥር በሙሉ አስገባች።