የጥላ ተክል ምንድን ነው?

«የጥላ ተክል ስለሆነ ብርሃን አይፈልግም፤ ክሊቪያውን ምድር ቤት አስቀምጡት» የሚል አስተያየት ዛሬም አነበብኩ፤ ክሊቪያ ብርቱካንማ አበባ የሚያወጣ የጌጥ ተክል ነው። ጸሐፊው ደግሞ እርግጠኛ ናቸው። ወዳጄ፣ እዚያ የሚለመልመው ሻጋታ ብቻ ነው።

የጥላ ተክል በትንሽ ብርሃን የሚኖር ተክል ነው። ጿሚ ሥጋና ቅቤ ተወ እንጂ እህል አልተወም፤ ሽሮውንም ከከለከላችሁት ይወድቃል። ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሆድም በተልባ ሳይለሰልስ ክትፎ ቢወርድበት ጣጣ ነው። ጥላ የለመደ ክሊቪያ ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ እንዲሁ ነው፤ ቅጠሉ ይነጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ያ ቅጠል ዳግም አያገግምም።

ከዚህ የባሰው ግን ጥላን ባለበት የሚቆም ነገር አድርጎ ማሰብ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ካዛንቺስ ያለ የ3 ሜትር ግንብ አጥር በሰሜን በኩል 2 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ግንቦት ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ተሻግራለች፤ ዳመናውም ገና አልከበደም። በታኅሣሥ «ጥላ» ብላችሁ የተከላችሁበት ቦታ ያኔ ቀትር ላይ ይነዳል። የዛፍ ጥላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ውሃውን ሥሩ ይቀድማችኋል።

የውጭ አገር ዝርዝር ይዘው ለጥላ ቦታ ሳይክላመን የተባለውን የሜዲትራኒያን አበባ የሚመክሩም አሉ። በዚያ ባሕር ዙሪያ ዝናቡና ብርዱ አብረው ስለሚመጡ ሳይክላመን ያን ጊዜ ያድጋል፤ በደረቁና በሞቃቱ ወራት ይተኛል። እኛ ጋ ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ፣ የሌሊቱ ብርድ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ያውም በደረቁ። መሬት ላይ ከተከላችሁት የተኛው ድንች መሳይ ሥሩ በሐምሌ ጭቃ ይበሰብሳል። ከወደዳችሁት በማሰሮ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይሁን።

በክረምት ለሚያድግና ዓመት ዓመት ለሚመለስ ተክል እንሶስላን ማን ረሳው? ሴቶች እጅና እግራቸውን በሥሩ የሚያቀሉበት፣ የደጋችን የራሱ ተክል ነው፤ እርጥብ ጥላ ይወዳል፣ ነጭ አበባው ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው። በበጋ ግንዱ ሲደርቅ ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት፤ ሥሩ አፈር ውስጥ አለ። ካላ ሊሊ የሚባለው፣ ቀንድ መሳይ ነጭ አበባ ያለው ተክልም ከቧንቧ አጠገብ እርጥበት ካላጣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ቅጠሉን ያኘከ ሕፃን ግን አፉ ይቃጠላል።