አንድ የስልክ መስመር ለቤቱ ሁሉ፦ የጋራ ዳያል-አፕን ከሌላ ክፍል መቆጣጠር

ዳያል-አፕ በቤት ስልክ ደውሎ ኢንተርኔት መግባት ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የቤት ስልክና ኮምፒውተር ያለው ሰው የሞደሙን፣ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመሩ የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ ፉጨት ያስታውሰዋል። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነበር። አንድ ሜጋባይት ለማውረድ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ደህና ከዋለ።

ቤት ውስጥ ሁለተኛ ኮምፒውተር ሲመጣ መስመሩን መጋራት ተጀመረ። ማይክሮሶፍት ይህን እ.ኤ.አ. በ1999 በዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም አስገባው። ሞደም የተሰካበት ኮምፒውተር አስተናጋጅ ይሆናል፤ አድራሻው 192.168.0.1 ነው። ሌላው በኔትወርክ ኬብል ይያያዝና የራሱን አድራሻ ከእሱ ይቀበላል።

መጋራቱ ቀላል ነው። ፈተናው መዝጋቱ ላይ ነው። ሞደሙ ሳሎን፣ ልጁ ጓዳ ነው እንበል። እናት ኮምቦልቻ ላለች እህታቸው ሊደውሉ ስልኩን ያነሳሉ። የሞደሙ ድምፅ ጆሯቸው ላይ ይጮህባቸዋል።

«ኧረ ስልኩን ልቀቅልኝ!»

«አብሽሪ እማዬ፣ አሁን እዘጋዋለሁ።»

ለመዝጋት ግን ተነስቶ ሳሎን መሄድ አለበት። አስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሰው እየሠራ ከሆነ ደግሞ ማስነሳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን ፈታው። አስተናጋጁ ላይ የዳያል-አፑ ግንኙነት ቅንብር ውስጥ፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች ግንኙነቱን እንዲቆጣጠሩ የሚፈቅድ ሳጥን አለ። እሱ ምልክት ሲደረግበት ጓዳ ያለው ኮምፒውተር ላይ የጋራው መስመር ምልክት ይመጣል። ሁለቴ ሲጫኑት ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያሳያል፤ እዚያው ይዘጋል፣ እዚያው ይከፈታል። በእኔ እምነት ከመጋራቱ ይልቅ ይህ ይበልጣል። መስመሩ የቤተሰቡ ነው፤ የመልቀቅ ሥልጣኑም የሁሉም መሆን አለበት።

ከጎኑ ያለው ሌላ ሳጥን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማንኛውም ኮምፒውተር ኢንተርኔት በፈለገ ቁጥር ሞደሙ ራሱ እንዲደውል ያደርጋል። ምቹ ነው። ነገር ግን አንቲቫይረሱ ሌሊት ማዘመኛ ሲፈልግም ይደውላል፤ ሂሳቡም በቆየበት ጊዜ ልክ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ ሥራ ሲፈታ መስመሩ ራሱ እንዲዘጋ የሚያደርገውን የደቂቃ ገደብ አብሮ መሙላት ግድ ነበር።

ሪሞት ዴስክቶፕም ሌላ መንገድ ነው፤ የአስተናጋጁን ስክሪን ጓዳ ድረስ ያመጣል። ይሁንና የኤክስፒ የቤት እትም በዚህ መንገድ ከሌላ ኮምፒውተር አያስገባም፤ ፕሮፌሽናሉ ያስፈልጋል።

ከርቀት የማይሠራ አንድ ነገር አለ። ክረምት ላይ ከደሴ በላይ ባለው የጦሳ ተራራ ራስ ላይ መብረቅ ሲጀምር፣ በስልክ ሽቦው መጥቶ ሞደም ሊያቃጥል ይችላል። ግንኙነቱን በኮምፒውተር መዝጋት አያድነውም። ሽቦውን ከግድግዳው መንቀል ብቻ ነው።