የቆሎ ተማሪ ጽናት፦ ጎንደር ላይ የሚባለውና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ስለ ጽናት ምክር ሲሰጥ ምሳሌው ዞሮ ዞሮ የቆሎ ተማሪ ላይ ያርፋል። «እነሱ በደበሎና በቁራሽ ሊቅ ሆነው የለ? አንተ መብራትና ደብተር እያለህ ምን ጎደለህ?» ይባላል ፈተና የወደቀ ልጅ። ምሳሌው ባልከፋ ነበር። ችግሩ መካሪው የሚያውቀው ደበሎውንና ቁራሹን ብቻ መሆኑ ነው፤ ተማሪውን ለዓመታት ያቆመውን አሠራር አያውቀውም። ልጁም ከምክሩ «ተቸገር» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ይሄዳል። ከሚደጋገሙት አባባሎች ጥቂቱን እናንሣ።

«ልበ ብረት ያልሆነ አይዘልቀውም»

ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ላይ የደረሰ ልጅ 150 መዝሙር ይጠብቀዋል። በጅምላ ላየው ያስደነግጣል፤ ግን በጅምላ እንዲያየው የሚተወው የለም። ዳዊት በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ጸሎቱም ለየቀኑ ተደልድሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ድልድሉ እኩል እንዳልሆነ ልብ በሉ። ዓርብ የደረሰው 2 ንጉሥ ብቻ ነው፤ ነገር ግን 176 ቁጥር ያለው ረጅሙ መዝሙር 118 እዚያው ውስጥ ይገኛል። ሸክሙ የተመዘነው በክብደቱ ነው።

ዕለታዊው ትምህርትም እንዲሁ ነው። ተማሪው የኔታ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያሰማው የትናንቱን ነው። ከተሳሳተ አዲስ ቀለም (ትምህርት) አይቀጠልለትም፤ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ውዳሴ ማርያምን የመሰለው የቃል ትምህርት ደግሞ ማታ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ ነው የሚሰጠው፤ ዓይን ስለማይረዳ ጆሮና አፍ ብቻ ይሠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ሰነፉ አይደለም። ደስ ባለው ቀን የሦስት ቀን ቀለም ወስዶ፣ በሳምንቱ የአንዱንም ቀን በትክክል ማሰማት የሚያቅተው ችኩል ነው። ለማትሪክ የሚያጠና ልጅ ከዚህ የሚወስደው አንድ ነገር ቢኖር፣ የትናንቱን መጽሐፉን ዘግቶ ሳይናገር አዲስ ምዕራፍ አለመክፈት ነው።

«ሽምደዳ ስለሆነ ጽናቱም መደጋገም ብቻ ነው»

ይህን የሚል ሰው የቅኔ ቤት ደጅ አልረገጠም። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት በቃል መያዝ እንደሚበዛ እውነት ነው። (እሱንም ቢሆን አናቅልለው። በ1880 ዓ.ም የሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ ደርቡሽ፣ ጎንደር ሲገባ አብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹ ነደዱ፤ ከእንዲህ ያለ እሳት የሚተርፈው አንድም በእጅ የተያዘ፣ አንድም በቃል የተያዘ ነው።) ቅኔ ቤት ግን የትናንቱን ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ አፍሮ ይመለሳል። በ2 ቤት (ስንኝ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ 3 ቤት ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ 5 ቤት ዋዜማ፣ 6 ቤት ሥላሴ እያለ ወደ 8 ቤት መወድስ ይወጣል። ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን (የደረሰውን ቅኔ) ሰምቶ ለሚያርመው አስነጋሪ ይነግራል። ሰሙ አምሮ ወርቁ ካልገጠመ፣ ቤቱ መትቶ ግሱ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። ነገም እንደገና። ለጀማሪ 2 ቤት ብቻ መሰጠቱ ጥበብ አለው፤ የፈረሰበት ሥራ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ ሲፈርስ ልቡን አይሰብረውም።

«ቁራሽ መለመን ውርደትን መልመድ ነው»

የባለጸጋ ልጅም ለትምህርት ከወጣ አኮፋዳ ያነግታል። አገሩን ለቆ የሚሄደውም እናቱ ደጅ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ስለማይሆንለት ነው፤ እናት ጎትታ ታስገባዋለች፣ ትምህርቱም እዚያው ይቀራል። «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ባዶ እጁን መመለስ ደግሞ የዕለት ልምምድ ነው፤ ከአምስት ደጅ ሁለቱ ዝግ መሆኑን የለመደ ሰው ሦስተኛውን ከማንኳኳት አይቦዝንም። ሰፈር ተከፋፍሎ መውጣት ይበጃል፤ አንዱን ቤት ሦስት ተማሪ ከተከታተለበት ሦስተኛው ለራሱም ለቤቱም ጭንቅ ነው። ውሻ ሲመጣ መሮጥ አይገባም፤ ዱላውን ከፊት ዝቅ አድርጎ ቆሞ መጠበቅ ነው።

«የተራበ አእምሮ ቶሎ ይይዛል»

አይይዝም። የሚያዞረውና ዓይኑ የሚጨልምበት ልጅ ቀለም አይገባውም። ለዚህ ነው ተማሪ በበዓል የተረፈውን የሚያደርቀው። እንጀራ እርጥቡን አኮፋዳ ውስጥ ታምቆ ከሰነበተ ይሻግታል። እንደመጣ በትንንሹ ቆራርሶ፣ ሳይደራረብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስጥቶ፣ ሲሰብሩት «ቀጭ» እስኪል ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል። ሻጋታ የታየበትን ቁራሽ በሙሉ ይጣሉት እንጂ አረንጓዴውን ብቻ ቆርጦ መብላት ስህተት ነው፤ ሥሩ ከሚታየው አልፎ ይገባል። ድርቆሹ በፈላ ውሃ፣ በጨውና በበርበሬ ርሶ ይበላል። በጾም ወራት ብዙ ቤት ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ገበታ ስለማይቀርብ፣ የዚህ ድርቆሽ ጥቅም ያኔ ይታወቃል።

«ሕመምን ችሎ ማሳለፍ ጽናት ነው»

ከአባባሎቹ ሁሉ ገዳዩ ይኸኛው ነው፤ ቃሉን በቁሙ ውሰዱት። በክረምት ብዙ ተማሪ በአንድ ጎጆ ተጠጋግቶ ሲያድር የልብስ ቅማል የሚያዛምተው ትኩሳት አለ፤ ግርሻ ይባላል። ድንገት ያንቀጠቅጣል፤ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይከተላሉ። ከ5 ወይም ከ6 ቀን በኋላ በራሱ ይለቃል። ተማሪው «ቻልኩት» ብሎ ወደ ቀለሙ ይመለሳል፤ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ያገረሽበታል። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 40 ሊሞት ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ5 አይበልጥም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሐሜት ይሁን፤ ለትኩሳት አይሆንም።

ምርመራው ከባድ አይደለም፤ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት የተወሰደ የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መድኃኒቱ ግን ጎጆ ውስጥ ብቻን የሚዋጥ አይደለም። የመጀመሪያው መጠን ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊነሣና የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሆኖ፣ ባለሙያ እያየው መሆን አለበት። «ጓደኛዬ የተረፈው ክኒን አለ» ብሎ መዋጥ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ቅማሉን በጥፍር መጨፍለቅም ልማድ ነው፤ ይቅር። በሽታው ወደ ሰው የሚገባው ተጨፍልቆ የወጣው ፈሳሽ የተቧጨረ ቆዳ ወይም ዓይን ሲነካ ነው። ይህ ቅማል የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ ገላ ላይ የሚወጣው ደም ሊመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ራስ መላጨት ብቻውን አይፈታውም። ጋቢውንና እጀ ጠባቡን በፈላ ውሃ መቀቀል፣ ሲደርቅ ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ። ደበሎ ቢቀቀል ይኮማተራል፤ እሱን በትልቅ ፌስታል አፉን አጥብቆ አስሮ 2 ሳምንት ማቆየት ነው፤ ደም ያጣ ቅማል በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። የጎጆው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ካላደረገው ግን ከቀረው ልብስ ተነሥቶ እንደገና ይዳረሳል።

«መቋሚያ የሽማግሌ ነው»

ማኅሌት ሌሊቱን የሚቆም ጎረምሳም ይይዘዋል። ጎንደር በአታ ለማርያም የታወቀችበት አቋቋም (የማኅሌት አቋቋም ሥርዓት) ዜማውን መጀመሪያ በቁም፣ ቀጥሎ በዝማሜ (በመቋሚያ እንቅስቃሴ)፣ ከዚያ ከበሮው ሲገባ በመረግድ፣ በመጨረሻ በጽፋት ይለዋል። ከዝግታ ተነሥቶ ነው ጭብጨባው ላይ የሚደርሰው። መቋሚያው በዝማሜ ጊዜ የዜማው አካል ነው፤ በሌላው ጊዜ ክብደት ይቀበላል። አዲስ ተማሪ ጉልበቱን ገትሮ፣ መደገፍን ንቆ ሲቆም ደሙ እግሩ ላይ ይቀርና ራሱን ሊስት ይችላል። ጉልበት ትንሽ ላላ፣ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ ቀሪው በመቋሚያው።

«የኔታውን ትቶ የሄደ አቋርጧል»

ለአቋቋም ጎንደር በአታ፣ ለድጓ (ለዓመቱ የዜማ መጽሐፍ) ደቡብ ጎንደር ወዳለችው ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋስዕት (ለቁርባንና ለፍትሐት ዜማ) ዙር አባ ይኬዳል። አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉንም የዘለቀ ጥቂት ነው። አቋርጧል የሚባለው የያዘውን ሳይጨርስ፣ የኔታን ሳይሰናበት፣ ከጓደኛው ጋር ስለተጣላ ብቻ ሌሊት አኮፋዳውን አንግቶ የወጣው ነው። እሱም ቢሆን ከሚሄድበት ማምለጫ የለውም፤ አዲሱ የኔታ «እስቲ ከደረስክበት አሰማኝ» ይሉታል፣ ያልጸናውንም ከሥሩ ያስጀምሩታል።