ጽሑፍ የሌለበትን አሮጌ የራቼት መፍቻ «ሠሪውን መለየት» ማለት ምንድን ነው?

በደብረ ብርሃን ጋራዦች ምንም ጽሑፍ የሌለበት አሮጌ ራቼት (ከብሎኑ ሳይነቀል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚያጠብቅና የሚፈታ መፍቻ) በተገኘ ቁጥር ፍርዱ ፈጣን ነው፦ «የጣርማ በርን ዋሻ የቈፈሩት ጣሊያኖች የተዉት ነው»፤ ወይም «ካሬው በኢንች ስለሆነ አሜሪካ ሠራሽ ነው»፤ ካሬ የሚሉት ቡሶላ፣ ማለትም የብሎኑን ራስ የሚጎርሰው ዕቃ፣ የሚሰካበትን ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ነው። ሰሞኑን አንድ ተከራካሪ የመጀመሪያውን አባባል በእርግጠኝነት ሲደግመው መስማቴ ይህን ለመጻፍ አነሣሣኝ።

መሣሪያው የተገኘበት ቦታ ማን እንደተጠቀመበት ይጠቁም ይሆናል እንጂ ማን እንደሠራው አይመሰክርም። የካሬው ልክም አይመሰክርም፤ ጀርመኖችና ጣሊያኖች ለሚሊሜትር ብሎን የሚሠሯቸው ቡሶላዎች ሳይቀሩ የሚሰኩት በ1/4፣ በ3/8 ወይም በ1/2 ኢንች ካሬ ላይ ነው። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ የብረቱን ዓይነት ይናገራል፤ የድርጅት ስም አድርገው የሚጠሩት ግን ብዙዎች ናቸው።

ሠሪን መለየት፣ ጸሐፊው ስሙን ያልተወበትን የብራና መጽሐፍ እንደ መመርመር ነው። በጸሎቱ መካከል የሚነበበው ስም የአስጻፊው ነው፤ እርሱም ተፍቆ በሌላ ባለቤት ስም ተተክቶ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊውን የሚያሳውቀው የእጁ ጽሕፈትና የመስመሩ አወራረድ ነው። በመፍቻም ላይ ስም ቢኖር የሻጩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካው የንግድ ድርጅት ሲርስ ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ክራፍትስማን» በሚል ስም የሸጣቸውን መሣሪያዎች የሠሩለት ሌሎች ፋብሪካዎች ነበሩ። ስለዚህ «የእጅ ጽሕፈቱ» የሚፈለገው ከውስጥ ነው፦ ክዳኑ በብሎን ተይዟል ወይስ በቀለበት፤ የማርሹ ጥርስ ስንት ነው (24 ጥርስ ያለው በ15 ዲግሪ፣ 72 ጥርስ ያለው በ5 ዲግሪ ይራመዳል)፤ ጥርሱን የሚይዘው ምላስ ነጠላ ነው ወይስ ጥንድ፤ አቅጣጫ መቀየሪያው በምን ቅርጽ ተቀርጿል። እነዚህ ሁሉ ሠሪው ከታወቀ ሌላ ራቼት ጋር ጎን ለጎን ተይዘው ሲገጥሙ ብቻ ስም መጥራት ይቻላል፤ የጥርሱ ቁጥር ብቻውን መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም። የብራናው ገበታ ተለውጦ እንደገና ሊጠረዝ እንደሚችል ሁሉ፣ የራቼት የውስጥ ዕቃም ለጥገና ለብቻው ስለሚሸጥ፣ ማርሹና እጀታው የአንድ ዘመን ላይሆኑ ይችላሉ።

ተከራካሪው «የዋሻው ቅርስ» ያለው ራቼት ከጭንቅላቱ ጀርባ ላይ በአውራ ጣት ተጭነው ቡሶላውን የሚያስለቅቁበት ቁልፍ አለው። ፒተር ሮበርትስ ለዚህ ዓይነቱ ማስለቀቂያ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያገኘው በ1965 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዋሻው የተቈፈረው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ለመመርመር የሚነሣ ሰው ክዳኑን ሲከፍት ትንሿ ሞላና የብረት እንክብሏ ተስፈንጥረው እንዳይጠፉ በጨርቅ ላይ ይክፈት። ዝገቱንም በሞረድ አይፋቅ፤ የደበዘዘ ማኅተም ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ሊነበብ ይችላል፣ ከተፋቀ በኋላ ግን የለም። የሚገጥም አቻ ካልተገኘም ለሚሸጠው ሰው «1/2 ኢንች፣ 24 ጥርስ፣ ሠሪው ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ ገዢው ለጣሊያን ስም ተጨማሪ ብር የሚከፍልበት ምክንያት የለም።